በድንች የታተመ የእንቁጣጣሽ ስጦታ መጠቅለያ

ጳጉሜ ሲቃረብ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫዎች የካኪ ወረቀት በየደጃፋቸው ይቆልላሉ። ወላጅ ሁሉ ለደብተር መሸፈኛ ይገዛል፤ ከተገዛውም ሁለት ሦስት ሉክ መትረፉ የተለመደ ነው። ትምህርት ገና አልተጀመረም፣ ዝናቡ ልጆችን ከቤት አላስወጣ ብሏል፣ ገበያው በእሸት በቆሎ ተሞልቷል። ከልጆች ጋር ተቀምጦ የስጦታ መጠቅለያ ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ሰሞን አላውቅም።

ነገሩ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። ወንዶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባና መልአክ በወረቀት ሥለው ለጎረቤት ማደላቸው፣ የሚሰጣቸውንም ሳንቲም መልቀማቸው የቆየ ልማድ ነው። መጠቅለያው የዚያ ሥዕል ታናሽ ወንድም ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሥዕል መቻል የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ውበቱ የሚመጣው ከድግግሞሽ ነው። አንድ ቅርጽ፣ ቢበዛ ሁለት ቀለም፣ ብዙ ጊዜ። ልጁ ሰባቱንም ቀለም ልጠቀም ማለቱ አይቀርም፤ የወላጅ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ሰባት ቀለም አንድ ወረቀት ላይ ሲገናኝ ተደባልቆ ቡናማ ይሆናልና ሁለቱን ያስመርጡትና ሌሎቹን ከጠረጴዛው ያንሱ። ከዚያ በኋላ በምርጫው ጣልቃ አይግቡ።

ወረቀቱ

ለማኅተም የካኪ ወረቀት ከሁሉም ይመቻል። ብዙውን ጊዜ አንዱ ፊቱ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ፣ ሌላው ሸካራ ነው፤ የሚታተመው በሸካራው ፊት ነው፣ ቀለሙን ቶሎ ይጠጣልና። በነጭ ወረቀት መሥራት ከፈለጉ ኤ-3 የሚባለው መጠን (29.7 በ 42 ሴንቲ ሜትር) ለአነስተኛ ስጦታ ይበቃል። ሌላም ምንጭ አለ፦ ዘመኑ የተለወጠበት የግድግዳ ካሌንደር። ጀርባው የማያብለጨልጭ ከሆነ ሰፊ፣ ጠንካራና ነጻ ወረቀት ነው። የቅዱሳን ሥዕል ያለበትን ግን ይተዉት፤ መጠቅለያ መጨረሻው መቀደድ ነው።

ጋዜጣ ስስ ስለሆነ ሲርስ ይቀደዳል፤ ለጠረጴዛ ምንጣፍና ለልምምድ ይዋል። ሆኖም በጥንቃቄ አንድ ደማቅ ቀለም ብቻ ከታተመበት፣ ከሥሩ የሚታየው የፊደል ዝርዝር ራሱ ጌጥ ይሆናል። የሲሚንቶ ከረጢት ውስጠኛው ወረቀት ንጹሕ ቢመስልም ለልጆች አይሆንም፤ የቀረው ሲሚንቶ እርጥበት ሲነካው ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ከገበያ መደብር የሚሰጠውን ቡናማ የወረቀት ከረጢት በመገጣጠሚያው ቀድዳችሁ፣ ቂጡን ቆርጣችሁ፣ ጽሑፍ በሌለው ውስጠኛ ፊቱ ማተም ትችላላችሁ።

ቀለሙ

የትምህርት ቤት የውሃ ቀለም ካለ እሱኑ ይጠቀሙ። ብቻውን ግን ለማኅተም ይቀጥናል፤ ከድንቹ ሥር እየሸሸ ቅርጹን ያበላሻል። የሚያወፍረው የዱቄት ሙጫ ነው፤ አሠራሩም ይህ ነው፦

1. 3 የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ጓጉል እስከማይኖረው ድረስ ይበጥብጡ።
2. ሩብ ሊትር ያህል ውሃ በትንሽ ድስት ያሙቁ። ሊፈላ ሲል ብጥብጡን ቀስ እያሉ ይጨምሩና እሳቱን ይቀንሱ።
3. ሳያቋርጡ ለ3 ወይም ለ4 ደቂቃ ያማስሉ። ከማንኪያው ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሲሆን ያውጡት። ከወፈረ በሞቀ ውሃ ይቅጠን።
4. ሲቀዘቅዝ በሦስት ስኒ ይከፋፍሉና ለሁለቱ ቀለም ቀለሙን ይጨምሩ።

ይህ ሙጫ ከቀለሙ ሌላ መጠቅለያውን ለማጣበቅም ያገለግላል፤ ስለዚህ ሦስተኛውን ስኒ ቀለም ሳይነካው ያስቀምጡት። በቀዝቃዛ ቦታ ከአንድ ቀን፣ በማቀዝቀዣ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆይም፤ ይሻግታል።

ቀለም መግዛት ካልፈለጉ ወይም ልጆቹ ቀለም ከምን እንደሚሠራ እንዲያዩ ከፈለጉ ቤት ውስጥ ያለው ብዙ ነው። ለጥቁር፣ ከሰል። አዋቂ ሰው ከሰሉን ከጥቂት ውሃ ጋር ይውቀጠው፤ ደርቆ ከተወቀጠ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል፣ ለሳንባም ጥሩ አይደለም። ከዚያ በቀጭን ጨርቅ ተጠልሎ ከሙጫው ጋር ይደባለቃል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለማቸውን ከጥላሸት ያዘጋጁ እንደነበር እግረ መንገድዎን ለልጆቹ ቢነግሯቸው ከሰሉን በሌላ ዓይን ያዩታል። ለነጭ፣ ጠመኔ። ሁለት ሦስት ዘንግ ውሃ ውስጥ አርሰው በማንኪያ ጀርባ ይፍጩና ከሙጫው ጋር ያዋሕዱ። ባለ ቀለም ጠመኔ ካገኙ ቢጫውም ሰማያዊውም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ነጭ በካኪ ላይ እንዴት እንደሚያምር ያላየ ሰው መጀመሪያ እሱን ይሞክር።

ለቀይ የምግብ ቀለም ወይም የሱቅ የውሃ ቀለም ይሻላል። ቀይ ስር ነጭ ወረቀት ላይ ደስ የሚል ሮዝ ይሰጣል፤ ነገር ግን ቀን ሲያልፍበት ይደበዝዛል፣ በካኪ ላይም እምብዛም አይታይም። ልጆች ኩሽና ገብተው ቀይ ሲፈልጉ የመጀመሪያ ዓይናቸው የሚያርፈው በርበሬው ላይ ነው። አይሆንም። በበርበሬ እጅ የታሸ ዓይን የዓመት በዓሉን ሰሞን ያበላሻል።

ከዚህ ሁሉ የሚያዘው ቁም ነገር፣ ድፍን ያሉት ቀለሞች (ጠመኔ፣ ከሰል፣ የሱቅ ቀለም) ለካኪ፣ ውሃ የሚመስሉት (እርድ፣ ቀይ ስር፣ የቡና አተላ ውሃ) ለነጭ ወረቀት መሆናቸው ነው። ካኪ ላይ የተቀባ እርድ አይታይም፤ ልጁም «ለምን አልወጣም?» እያለ ሲደጋግም ይውላል።

ማኅተሙ

ጠንካራና ጥሬ ድንች ይምረጡ፤ ቆዳው የተጨማደደ አሮጌ ድንች ሲጫኑት ይልማል። ረጅም ስለት ባለው ቢላ፣ በአንድ ምት፣ ቀጥ አድርገው ለሁለት ይቁረጡት። ቢላውን ወዲያና ወዲህ እየሳቡ የቆረጡት ድንች ፊቱ ወጣ ገባ ስለሚሆን መሐሉ ወረቀት አይነካም። የተቆረጠውን ፊት በጨርቅ ላይ ደፍተው ለ5 ደቂቃ ያህል ይተዉት። ድንች ውሃ ያመነጫል፤ ውሃው ካልተመጠጠ ቀለሙን ያቀጥነዋል። ብዙ ሰው ይህን ይዘልልና ቀለሙ ነው የከፋ ይላል።

ቅርጹን በእስክሪብቶ ይሣሉ። በመስመሩ ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይቁረጡ፤ ከዚያ ከድንቹ ጎን በአግድም እየቆረጡ ከመስመሩ ውጭ ያለውን ያንሱ። የቀረው ጎልቶ የወጣው ክፍል ነው የሚያትመው። ቀጫጭን መስመር አይሞክሩ፤ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነገር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይሰበራል። ለትንንሽ እጆች የድንቹ ጀርባ ላይ ሹካ ይሰኩ፤ ጥሩ እጀታ ይሆናል።

የትኛው ቅርጽ? ዓደይ አበባ የሁሉም የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ሙሉውን አበባ ድንች ላይ ለመቅረጽ አይድከሙ። አንድ ቅጠል ብቻ ይቅረጹ፦ በአንድ በኩል ሾጠጥ፣ በሌላው ሰፋ ያለ። ልጁ ያንን አንድ ቅጠል እያዞረ ስምንት ጊዜ ያትመው፤ ዓደይ አበባም ዙሪያዋን የምትይዘው ብዙውን ጊዜ ስምንት ያህል ቅጠል ነው። መሐሉን በጣት ወይም በእርሳስ ጫፍ ላጲስ ነጠብጣብ ያድርግበት። እያንዳንዱ አበባ ከሌላው ትንሽ ይለያል፤ ደጅ ላይ እንዳሉትም አንድ ዓይነት አይሆኑም።

ከአበባው በላይ የምወደው ግን አልማዝ ቅርጽና ሦስት ማዕዘን ነው፤ ሁለቱ ብቻ ካሉ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ማተም ይቻላል። እሱን ከታች በሰፊው እመለስበታለሁ።

ፊደል መቅረጽ የሚፈልግ ልጅ ከተገኘ ፊደሉ በድንቹ ላይ ተገልብጦ፣ በመስታወት እንደሚታየው ሆኖ መቀረጽ እንዳለበት ይንገሩት። ገና ለጀማሪ እንደ ሀ፣ ለ እና ዐ ያሉት ግራና ቀኛቸው ስለሚመሳሰል አያሳስቱም። መስቀል ግን በመጠቅለያ ላይ ባይታተም እመርጣለሁ፤ ከቀደምነው በኋላ ወዴት እንደምንጥለው ማሰብ አለብን።

ቢላ የማያስፈልጋቸው ማኅተሞች ደግሞ አሉ፤ እነዚህ ለትንንሾቹ ናቸው፦

ቆርኪ። የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ በጥርሱ በኩል ሲታተም ዙሪያው የተሸረፈ ክብ ይወጣል፤ መሐሉ በጣት ቢነጠብ ፀሐይ ነው። ጥርሱ እንዳይቧጭር ልጁ ከጀርባው እንዲይዘው ያድርጉ።

የበቆሎ ቆረቆንዳ። እሸቱ ተጠብሶ ከተበላ በኋላ ቆረቆንዳው አንድ ቀን ይድረቅ። በቀለም ላይ አንከባልለው በወረቀቱ ላይ ሲያስኬዱት መደዳውን የነጠብጣብ መንገድ ይተዋል። ከሁሉም የሚያስቃቸው ይህ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ አያሳዩአቸው፤ ሌላውን ይረሱታልና።

ለሁለት የተከፈለ ሽንኩርት ክብ በክብ ውስጥ ያትማል። ባሚያ በአግድም ሲቆረጥ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ይወጣዋል። ቁራጭ እንጨት ወይም የክብሪት ቀፎ ላይ የተጠቀለለ ወፍራም ክር ደግሞ ሰንበር ይሰጣል።

ማን ምን ይሠራል

ሦስትና አራት ዓመት የሆነው ልጅ በጣቱ፣ በቆረቆንዳና በቆርኪ ይሥራ፤ ከሩብ ሰዓት በላይ እንዲቀመጥ አይጠብቁ። ከአምስት እስከ ሰባት ያሉት በድንች በደንብ ያትማሉ። ከስምንት በላይ ያሉት ንድፍ ያወጣሉ፣ ቅርጹን በድንቹ ላይ ይሥላሉ፤ ቢላውን ግን አዋቂ ይያዝ። ድስቱ፣ ካውያውና ከሰሉም የአዋቂ ድርሻ ናቸው። ዕድሜያቸው የተራራቀ ልጆች አንድ ወረቀት ላይ ባይሠሩ ይሻላል፤ ታላቅየው መስመሩን አስተካክሎ ሳይጨርስ ታናሹ ቆረቆንዳ ያንከባልልበታል፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው ሽምግልና ብቻ ነው።

ሲታተም

ጠረጴዛው ላይ፣ ከሌለም ወለል ላይ፣ ጋዜጣ ደራርበው ያንጥፉ። ንጣፉ ወፈር ያለ መሆን አለበት፤ ከሥሩ ለስላሳ ነገር ሲኖር ማኅተሙ ሙሉ በሙሉ ይነካል። ቀጥሎ፦

1. አንድ ቁራጭ ስፖንጅ አርሰው፣ በደንብ ጨምቀው፣ ሰሃን ላይ ያድርጉት። ቀለሙን በማንኪያ ስፖንጁ ላይ ይቀቡ። ድንቹ የሚነካው ይህን ስፖንጅ ብቻ ነው፤ ስኒ ውስጥ አይነከርም። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህን ያስታውሱ፤ የተነከረ ድንች ጠርዙ ላይ ቀለም ያጠራቅምና ቅርጹን በዝርጋታ ይሸፍነዋል።
2. ጋዜጣ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞክሩ።
3. ወረቀቱን ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት አጥፈው ይዘርጉት። የእጥፋቱ ምልክት ያለማስመሪያ መደዳ ይሰጥዎታል፤ ልጆችም በየሳጥኑ አንድ ማኅተም እያሉ መከተል ይችላሉ።
4. ድንቹን ቀጥ አድርገው ያስቀምጡ፣ በመዳፍ ይጫኑ፣ እስከ ሦስት ይቁጠሩ፣ ቀጥ አድርገው ያንሱ። አይሽከርከር፣ አይጎተት።
5. በአንድ ቅብ ሦስት ጊዜ ያትሙ። የመጀመሪያው ይደምቃል፣ ሁለተኛው ከሁሉ ይጠራል፣ ሦስተኛው ይደበዝዛል። ደብዛዛውን ለማረም በላዩ አይድገሙ፤ ወረቀቱ ላይ ደማቅና ፈዛዛ መቀላቀሉ በእጅ መሠራቱን ያሳያል።
6. ሁለተኛው ቀለም የሚገባው የመጀመሪያው ሲነካ እጅ ላይ የማይቀር ሲሆን ነው። በዝናብ ሰሞን ግማሽ ሰዓትም በላይም ሊፈጅ ይችላል። በዚህ መሐል ልጆቹ ሌላ ወረቀት ይጀምሩ።

አሁን ወደ ጥለቱ። አልማዝ ቅርጹን ጫፍ ለጫፍ እያስነኩ በወረቀቱ ርዝመት አንድ መስመር ያትሙ። በእያንዳንዱ ሁለት አልማዝ መካከል ከላይና ከታች የሦስት ማዕዘን ክፍተት ይቀራል፤ በሁለተኛው ቀለም በሦስት ማዕዘኑ ማኅተም ክፍተቱን ይሙሉት፣ ጠርዝ ለጠርዝ ሳይነካካ ቀጭን የካኪ መስመር እየተዉ። በየአልማዙ መሐል በእርሳስ ላጲስ አንድ ነጠብጣብ። በላይና በታች በካርቶን ቁራጭ ጠርዝ ቀጭን ሰንበር ያትሙበት። አለቀ፤ ከሁለት ቅርጽ የወጣ የቀሚስ ጥለት ነው። ሸማኔ ጥለቱን የሚያወጣው ያንኑ ቅርጽ እየደጋገመ መሆኑን እናት ወይም አያት የለበሱትን ቀሚስ አምጥተው ቢያሳዩዋቸው ልጆቹ ራሳቸው ይቆጥሩታል። ቀሚሱን ግን ከቀለሙ አርቀው ያሳዩ።

ጥለቱ ሙሉ ወረቀቱን መሸፈን የለበትም። እንዲያውም በወረቀቱ መሐል በረጅሙ ጎን የሚሄድ አንድ ጥለት ብቻ አትመው ቀሪውን ባዶ ቢተዉት፣ ሳጥኑ ሲጠቀለል ጥለቱ ወገቡን ይዞርና ሪባን ሳያስፈልግ የታሰረ ያስመስለዋል። የልጁ ጉልበት ሳያልቅ የሚያልቅ ሥራ በመሆኑም እመርጠዋለሁ።

መስመሩ ይጣመማል። ይጣመም። ስጦታ ተጠቅልሎ ሲታይ በአንድ ጊዜ የሚታየው የወረቀቱ ትንሽ ክፍል ስለሆነ ተዘርግቶ ሳለ ያሳሰበዎት ጠማማ መስመር ይጠፋል። ከልጁ ኋላ ቆሞ «እዚህ ጋ ቀጥ አድርገው» የሚል ወላጅ ጥቂት ቆይቶ ድንቹን ብቻውን ይዞ ይቀራል።

እርድና ሻማ

ይህ የተለየ መንገድ ነው፣ ማኅተም የለውም፤ ነጭ ወረቀት ይፈልጋል። ልጆች አስማት የሚሉት ሥራ በመሆኑ አንድ ከሰዓት በኋላ ለብቻው ይገባዋል።

2 የሻይ ማንኪያ እርድ በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ በጥብጠው ለ10 ደቂቃ ይተዉትና በጨርቅ ያጥሉት። በዚህ ጊዜ ልጆቹ በነጭ ሻማ ቁራጭ፣ ጠበቅ አድርገው እየጫኑ፣ ወረቀቱ ላይ የፈለጉትን ይሣሉ። የሚታይ ነገር የለም፤ ስለዚህ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብለው ይመልከቱት። (ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ጧፍ ለዚህ አይውልም።) የእርዱ ውሃ ለብ ሲል በስፖንጅ ወረቀቱን ሁሉ ያብሱት፤ ሰሙ ውሃ ስለማያስገባ ሥዕሉ ነጭ ሆኖ ከቢጫው መሐል ይወጣል።

ሲደርቅ ሁለተኛው ክፍል ይቀጥላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ያሟሙ። ስንጥር ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልለው ልጆቹ በዚህ ውሃ በቢጫው ላይ ይሣሉ። ቀለም የሌለው ውሃ የነካው ቦታ ሁሉ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። የእርዱ ቀለም እንደ ሶዳና ሳሙና ያለ ነገር ሲያገኘው የሚቀላ፣ ኮምጣጣ ሲያገኘው ወደ ቢጫነቱ የሚመለስ ነው፤ ስለዚህ የተሳሳተ መስመር በሎሚ ጭማቂ ይታረማል። የአመድ ውሃም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ግን እጅ ስለሚበላ ሶዳው ይሻላል። ዓይን እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለው። አንደኛ፣ የእርድ ቀለም ፀሐይ አይችልም፤ መስኮት ላይ የተቀመጠ ወረቀት በቀናት ይነጣል። በመሆኑም ከበዓሉ ጥቂት ቀን አስቀድሞ ይሠራ፣ በጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ልብስ ያበላሻል። ነጠብጣቡን በሳሙና ሲያሹት ጭራሽ ሲቀላ ቢያዩ አይደንግጡ፤ ወረቀቱ ላይ ያዩት ለውጥ ነው። በደንብ አጥበው ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ፀሐዩ ያፈዝዘዋል። ያም ሆኖ ለበዓል የተዘጋጀ ነጭ ልብስ በዚያ ክፍል ውስጥ አይሰቀል።

ማድረቅ

የመስከረም መባቻ ሥራ ትልቁ ጠላቱ እርጥበት ነው። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጥረው ወረቀቶቹን በልብስ መቆንጠጫ ይስቀሉ። ማኅተሙ የዱቄት ሙጫ ስላለበት እርጥብ እንዳለ ከተጠቀለለ ወይም ከተደራረበ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ውሎ ካደረም ይሻግታል። ለማፍጠን ብሎ ከከሰል ምድጃ በላይ መስቀል የሚያስበው ሰው አይጠፋም፤ ወረቀትና ፍም በአንድ ክፍል አይተማመኑም። አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

የተጨማደደውን በጀርባው በኩል፣ በላዩ ጨርቅ አድርገው፣ ለብ ባለ ካውያ ይተኩሱ። የሻማ ሥዕል ያለበትን በሁለት ጋዜጣ መሐል አድርጎ መተኮስ ሰሙን ወደ ጋዜጣው ያስወጣዋል፤ ሥዕሉ ግን እንዳለ ይቀራል።

ይኸው ሥራ ለገና ሲሆን የበጋው አየር ማድረቁን ያቀልለዋል፤ ቀለሙም ነጭና ቀይ ቢሆን ያምርበታል። ለዒድ የሚሠሩ ቤተሰቦች ጨረቃና ኮከብ ይቅረጹ፦ ክብ ድንች አዘጋጅተው ከአንድ ጎኑ በጠርሙስ ክዳን ቆርጠው ሲያነሱ ግማሽ ጨረቃው በቀላሉ ይወጣል፤ ለኮከቡም ባሚያው አለ።

መጠቅለል

ወረቀቱን ከመቁረጥ በፊት ስጦታውን ይለኩ። የሳጥኑን ስፋትና ከፍታ ደምረው በሁለት ያባዙ፣ ለመደራረቢያ 3 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ፤ ይህ ሳጥኑን የሚዞረው ጎን ነው። ለሌላው ጎን የሳጥኑን ርዝመት ይውሰዱና የከፍታውን አንድ ተኩል እጥፍ ይጨምሩ። 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 12 ስፋት፣ 6 ከፍታ ያለው ሳጥን 39 በ 29 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ይፈልጋል፤ አንድ ኤ-3 ልክክ ብሎ ይበቃዋል ማለት ነው። ስሌቱን ከስምንት ዓመት በላይ ላለው ልጅ ይተዉለት።

የታተመውን ፊት ወደ ታች አድርገው ሳጥኑን መሐል ያስቀምጡ፣ ሁለቱን ጠርዞች ከላይ አገናኝተው በቀረው የዱቄት ሙጫ ያጣብቁ። በሁለቱ ጫፎች መጀመሪያ ጎንና ጎኑን ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎ የላዩን ወደ ታች፣ መጨረሻ የታችኛውን ወደ ላይ ያጥፉ። እጥፋቱን በጥፍር ጫን ብለው ያስኪዱት፤ ካኪ ታጥፎ የሚቀር ወረቀት ነውና ታዛዥ ነው። ሙጫው እስኪይዝ አንድ ከባድ መጽሐፍ ይጫንበት።

ነጠላ፣ ሹራብና የመሳሰለው ቅርጽ የሌለው ስጦታ መጀመሪያ ካርቶን ላይ ይታጠፍ። ቆሎም ሆነ ዳቦ ቆሎ ከሆነ በንጹሕ ወረቀት ወይም ዕቃ ውስጥ ይግባ እንጂ የታተመውን ወረቀት አይንካ። ለማሰሪያ ሲባጎ ወይም ድርብ የጥጥ ክር በቂ ነው። ክሩ ውስጥ ዓደይ አበባ መሰካት ያሰቡ እንደሆነ ሊሰጥ ሲል ብቻ ያድርጉት፤ ቶሎ ትጠወልጋለች።

ከቆረጡት የተረፈውን ጠባብ ቁራጭ ለስም መጻፊያ ያውሉት፤ የተቀባዩን ስም የሚጽፈው ያተመው ልጅ ነው። ማኅተሙን ለነገ ማቆየት ከፈለጉ ታጥቦ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ ሌሊት ያድራል። ከዚያ ወዲያ ይጣል፤ ቀለም የነካው ድንች ወደ ወጥ አይመለስም፣ ትናንሾቹ ምንም ያህል ቢያስቡለት።